«አስተያየት» የምትል ዓምድ

ሥራዬ ቁጥር ነው። በር አንኳኳለሁ፣
«ቆጣሪ!» እላለሁ፣
ውሻው እስኪታሰር ደጅ እቆያለሁ፤
ከዚያ ቁጢጥ ብዬ፣ የመስታወቱን ጭቃ በአውራ ጣቴ ፍቄ፣
አምስቱን አሃዞች ለቅሜ፣ ጠንቅቄ፣
ወደ ቀጣዩ ቤት።

ከውጭ ላየው ሰው ቆርቆሮ ነው ጅማ፣
የዛገ፣ የጎበጠ፣ ምስማሩ የደማ፤
ውስጡን ከኔ ሌላ የሚያውቅ ሌባ ነው፣
እሱም በሌሊት ነው፤ አበባ የት አየው?

የካቲት ሲገባ ሁለት ሌሊት ዘንቦ፣
አዌቱ ደፍርሶ፣ አቧራው ረግቦ፣
በስምንተኛው ቀን የጓሮ ቡናዎች ሁሉ
ሳይማከሩ አንድ ላይ ነጭ ለብሰው ዋሉ።
ሽታው አጥር ዘሎ አስፋልት ድረስ መጣ፤
ሄርማታ መታጠፊያው ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አወጣ፣
ሞተሩን አጠፋ።
ተሳፋሪዋ ጮኸች፣ «ምነው? ነዳጅ አለቀ?»
መልስ አልነበረውም። ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ አቀርቅሮ ሳቀ።

ቅጼ ላይ በስተቀኝ ጠባብ ዓምድ አለች፣
«አስተያየት» ትላለች፣
ለሚያፈስ ቧንቧ፣ ለተሰበረ ክዳን፣ ለተዘጋ በር የተበጀች።
ዓመቱን ሙሉ ባዶዋን ትከርማለች።
በዚህ ሰሞን ግን እጄን አላምነውም፤

ሦስት መቶ አራት፣ ወይዘሮ ሸምሲያ፣ ሃያ ሁለት ሜትር ኩብ፦
ኮኩ አብቧል፣ ቅጠሉን ሳይጠብቅ፣ ራቁቱን፣ ሮዝ።
ሦስት መቶ ዘጠኝ፣ መምህር ዳንጊሶ፣ አሥራ አንድ፦
ብርቱካን። ንቦች አላስጠጉኝም፤ ቁጥሩ ግምት ነው።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ በር ዝግ፦
በቀዳዳ አየሁ፤ ግራዋው የሳሙና አረፋ መስሏል።

ሸምሲያን ለምኛታለሁ፣ ቡገንቪሊያዋ ክዳኑን ሸፍኖ፣
እሾሁ ክንዴን ቦጫጭሮ፦
«እባክሽ ቁረጪው፣ ቆጣሪው አይታይም።»
«ቆጣሪህን ንቀል፤ እሱ አያብብም!»

መጨረሻ ያለው፣ ወደ ጂረን መውጫ፣ የአባ ዲጋ ግቢ ነው።
በየወሩ ከእሳቸው ጋር ሙግት ነበረብኝ፤
«ሠላሳ?» ይላሉ፣ በከዘራቸው ትርንጎውን እያሳዩኝ፣
«እኔ የጠጣሁት አንድ ጣሳ ነው። ቀሪው የእሱ ነው፣
ሂሳቡን ለእሱ ስጠው!»
የውሃውን ጎማ ይዘው ከግንዱ ሥር ሲቆሙ አውቃለሁ፣
ማለዳም፣ ማታም፣ ዝናብ እየጣለም።

ከኅዳር ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል።
ቁልፉን የያዘችው የጎረቤት ልጅ ሙንተሃ ከፈተችልኝ፤
ማጠፊያው ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን።
ቆጣሪው፦ ዜሮ አንድ ስምንት አራት ሰባት።
ታኅሣሥም ይኸው፣ ጥርም ይኸው።
አንድ ጠብታ አላለፈበትም።

ትርንጎው ግን፣
እንዴት ልንገራችሁ፣ እንቡጡ ከውጭ ወይን ጠጅ፣ ሲፈታ ነጭ፣
ከግንዱ እስከ ጫፉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣
አንዳንዱም ረግፎ የደረቀው ጎማ አፍ ላይ ተኝቶ።

«አይተውት ቢሆን...» አለች ሙንተሃ፤ አልጨረሰችውም።
እኔ ግን ሳቄ መጣ። ስንት ዓመት ሞግተውኝ፣
ስንት ደረሰኝ በዛፍ አሳበው፣
ዛፉ ለካ የራሱ መስመር አለው፣
ከላይ የተዘረጋ፣ ቆጣሪ የሌለው።
ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣው?
እንጃ። ምናልባት እሳቸው፤
ጎማ ይዞ መቆሙን ነበር የሚጠጡት፣ እሱ ነው ያቆያቸው።

ፍጆታ፣ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።
አስተያየት ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ፤
አንዲት አበባ ከላይ መጥታ ዓምዷ ላይ ተቀመጠች፣
ልክ ስፋቷን።
ደብተሩን እንዳለ ዘጋሁት።

«ነገም ይኖራል?» አለች ልጅቷ፣ በሩን እየቆለፈች።
«ሦስት ቀን» አልኳት፣ «ቢበዛ አራት።»
ቀጣዩ ቤት ውሻ አለው።